ትርንጎ ሳሏን ውጣ የዋለችበት እሑድ

ስሜ ፈንታ ይባላል። ከሰቆጣ ወደ ደሃና በሚወስደው በኩል፣ ከወንዙ ማዶ ባለች መንደር ገብስ እያረስሁ ፍየል እያረባሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። ነገሩ ግን አልተወላገደም። እንደሆነው አድርጌ ነው የምነግራችሁ።

ኮሮና የሚሉት በሽታ በገባበት ክረምት ነው። እኔ ያን ጊዜ በሽታውን የከተማ ሰው በሽታ ነው እል ነበር። ፀሐይ የማይመታው፣ ዳገት የማይወጣ ሰው ይያዘው እንጂ እኛን ምን ሊያደርገን ነው ባይ ነኝ። ገበያ ስወርድ ፖሊስ ካየሁ በጋቢዬ ጫፍ አፌን እሸፍናለሁ፤ ፖሊሱ ሲያልፍ እገልጠዋለሁ። ቀበሌ መጥተው እጅ ስለመታጠብ ሲያስተምሩን፣ ውኃውን ከየት አባታችን እናምጣው ብዬ ስብሰባውን በሳቅ ያፈረስሁት እኔ ነኝ።

ፍልሰታ ገባ። ሚስቴ ትርንጎ በጾሙ መጀመሪያ ላይ አተኮሳት። ከዚያ ሳል ጀመራት፤ ደረቅ ሳል፣ ውሻ አጥንት ሲያንቀው እንደሚያሰማው ያለ። ዳማከሴ ጨመቅንላት፤ ጤና አዳምም አስሸተትናት። ጉንፋን ነው አልሁ። እሷም ጉንፋን ነው አለች። ሰቆጣ ከተማ ያገባችው ልጃችን ምሕረት ግን በስልክ ነገሩን ስትሰማ አላስቀምጥ አለችኝ። ጠዋት ትደውላለች፣ ማታ ትደውላለች፤ እናቴን ካላመጣህ ባሌን ይዤ እመጣለሁ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሲነዘንዙኝ ይብስብኛል። መጀመሪያ ትቁረብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤቱ የትም አይሄድም አልሁ።

እሑድ ቀን በጠዋት ቅዳሴ ትርንጎ ሥጋ ወደሙ ተቀበለች። እንደምታውቁት የተቀበለ ሰው በዚያ ቀን ጥንቁቅ ነው። አይተፋም፣ በባዶ እግሩ አይሄድም፣ ከሰውነቱ ደም እንዳይወጣ እሾኽ እንኳ ይፈራል። ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አየኋት። ቆማለች፤ ፊቷም ጸጥ ብሏል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቃት ያደረው ሳል የለም። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳለችም። እኔ በልቤ፣ ተመስገን፣ ቁርባኑ ጠራርጎ አወጣው አልሁ። ለጎረቤቱም ነገርሁ። ሴቶቹም እልል አሉልን።

እንግዲህ ደህና ከሆነች ለምን ሐኪም ቤት ወሰድኋት? ለምሕረት አፍ መዝጊያ ብዬ ነው። በበቅሎ ላይ አስቀመጥኋት፣ ገና ሳይሞላ ወንዙን ተሻገርን፣ ቀትር ላይ ሰቆጣ ገባን። በመንገድ ላይ ሳናግራት ራሷን እየነቀነቀች ብቻ ነው የመለሰችልኝ። ለቁርባኑ ክብር ዝም አለች ብዬ ደስ አለኝ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ምሕረት እየተንቆራጠጠች ቆማለች። ያስገቡን ወደ ኮሮና ክፍል ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ከዓይኗ በቀር ሁለመናዋ ተሸፍኗል። ትርንጎን አስቀምጣ ትጠይቃት ጀመር። ሳል አላቸው ወይ አለች። ነበራት፣ ዛሬ ጠዋት ተዋት አልሁ እኔ። አክታስ አለች። የላትም አልሁ። ትንፋሽ ያጥራቸዋል ወይ ብትል፣ «ልጄ፣ የእኛን ዳገት ስትወጪው አንቺንም ያጥርሻል» አልኋት። ምሕረት በክርኗ ጎሸመችኝ። ትርንጎ መሬት መሬት ታያለች።

ሐኪሟ ጣት የምትነክስ ትንሽ መሣሪያ አወጣችና የትርንጎ ጣት ላይ አደረገችው። የወጣውን ቁጥር ስታይ ቅንድቧ ተሰበሰበ። ጣቷን ቀየረች፤ አሁንም ያው ነው። ከዚያ ጥፍሮቿን ወደ ብርሃን አዙራ አየችና ምንድን ነው ይኼ አለች። የልጃገረዶች በዓላችን ሻደይ ደርሶ የልጅ ልጆቻችን እንሶስላ ሲሞቁ አያታቸውንም አስረው አሙቀዋት ነበር፤ የእጇም የእግሯም ጥፍር ቀልቷል። መሣሪያው በጥፍር ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ነው በደሟ ውስጥ ያለውን አየር የሚለካው፤ ቀለም ካለበት ሊሳሳት ይችላል ብላ አስረዳችኝ። በጆሮዋ ጫፍ ብትሞክረውም እየተንሸራተተ ወደቀ።

እኔ ተነሣሁ። በቃ፣ መሣሪያሽ ተሳስቷል፣ ሴትዮዋ ደህና ናት፣ እንሂድ አልሁ። ውስጤ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላርፍ አለኝ። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ።

ሐኪሟ አልሰማችኝም። የደረት ራጅ ይነሡ አለች። ትርንጎ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ምን እንደሚል ገባኝና፣ ከሰውነቷ የሚወጣ ነገር አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የለውም፤ ፎቶ ነው አለች። እንግዲያው ትነሣ አልሁ።

ፎቶው መጣ። ሐኪሟ ከመስኮቱ ብርሃን ፊት ይዛ አሳየችን። «አየር ያለበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ጤነኛ ሳንባ ጥቁር ነው» አለች። የትርንጎ ሳንባ ግን ጥቁሩ ከላይ ከላይ ብቻ ነው። በክረምት ጠዋት ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ እየዋጠ ሲመጣ አይታችሁ የለ? በሁለቱም በኩል ልክ እንዲያ ነው፤ ከታች ነጭ፣ ዳር ዳሩ ነጭ። ምንም ያልተማረ ሰው አይቶ ይደነግጣል።

ሐኪሟ ፎቶውን አስቀመጠችና ትርንጎ ፊት ቁጢጥ አለች። እኔን ዘወር ብላም አላየችኝ።

«እማማ፣ አሁን እርስዎን ነው የምጠይቀው። እንዲህ ያለ ሳንባ ይዞ የማይስል ሰው አላውቅም። ሳሉ ትቶዎት ነው ወይስ ይዘውት ነው?»

ትርንጎ ከነጠላዋ ሥር፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ፣ «ይዤው ነው» አለች። «ተቀብያለሁ። እንዴት ብዬ ልሳል?»

ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጀምሮ፣ በቅሎዋ ላይ፣ ወንዙን ስንሻገር፣ ሴቶቹ እልል ሲሉላት፣ ያን ሁሉ ሳል ውጣዋለች። ከንፈሯን ያየሁት ነጠላዋን ሲገልጡት ነው። ጠቁሯል። ግድግዳ ያዝሁ። ምሕረት ፊቷን አዞረችብኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወዲያው አስተኟትና የኦክስጅን ጎማ አፍንጫዋ ላይ አደረጉላት። ቀጥሎ አንድ ነርስ መርፌና ብልቃጥ ይዞ መጣ። ያን ጊዜ እጄን ዘረጋሁ። ዛሬ ደሟ አይወጣም አልሁ። ከአፍንጫዋም በጥጥ እንወስዳለን አሉ፤ እሱም አይሆንም አልሁ። ነርሱ ተናደደ። ሐኪሟ ግን አስወጣችውና በእርጋታ አናገረችኝ።

«አባባ፣ እኔም እቆርባለሁ፤ ሕጉን አውቀዋለሁ። የአፍንጫው ይቆይ፤ እሱ ተልኮ እስኪመለስ ቀናት ይፈጃል። ደሙ ግን አይቆይም። ፎቶው በሽታው የት እንደደረሰ ነግሮኛል። ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚነግረኝ ደማቸው ነው። ይኼ በሽታ ደም ያረጋል። እየረጋ ከሆነ ዛሬ መርፌ ልጀምርላቸው ይገባል፤ ኩላሊታቸውን ሳላይ ብወጋቸው ደግሞ ልጎዳቸው እችላለሁ። እዚህ ላቆያቸው ወይስ በዚህ ዝናብ በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልላካቸው? እሱንም የምወስነው በደማቸው ነው።»

«ነገ ጠዋት ውሰጂ። ቀኑ ይለፍ።»

«ነገ ጠዋት ምን ሆነው እንደማገኛቸው አላውቅም።»

ትርንጎን አየኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ አልነበረም። ቄስ ተፈራ ካላሉ አይሆንም አለች። ቄስ ተፈራ የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ያቆረቧትም እሳቸው ናቸው።

ስልክ ደወልሁ። አይነሣም። ደግሜ ደወልሁ፤ ያችው ሴትዮ ጥሪ አይቀበልም ትለኛለች። ዝናብ ሲመጣ የእኛ መንደር ስልክ እንዲህ ነው። ከተማው ውስጥ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሮጬ አንድ ቄስ አገኘሁ። አድምጠውኝ ሲያበቁ፣ የሌላ ቄስ የንስሐ ልጅ ላይ እኔ ቃል አልሰጥም፣ አባቷን ጠይቅ አሉ። ተመለስሁና በቅሎዬን ፈታሁ። ምሕረት ወዴት ነው ብትለኝ፣ እናትሽን ጠብቂ ብዬ ወጣሁ።

ዝናቡ ይወርዳል። መንገዱ ጭቃ ነው። በቅሎዋ ጠዋት የመጣችበትን መንገድ አሁን ዞራ መሄዷ አልጣማት ብሎ ትቆማለች፤ እኔ እወርድና እጎትታታለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። አንዴ ዝም ብዬ ልመለስና ይውሰዱ ልበል እላለሁ። አንዴ ደግሞ፣ ቄሱ ሳይፈቅዱላት ደሟ ቢወጣ፣ ድና እንኳ ዕድሜዋን ሙሉ ይቆጫታል እላለሁ። ወዲያው ደግሞ፣ ካልዳነች ምን ይቆጫታል፣ የሚቆጨኝ እኔን ነው እላለሁ። ከራሴ ጋር እንዲህ እየተጣላሁ ወንዙ አፋፍ ደረስሁ።

ወንዙ ሞልቷል። ጠዋት ለበቅሎ ጉልበት ያልደረሰ ውኃ አሁን ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ወዲህም ወዲያም ሰው ቆሞ እስኪጎድል ይጠብቃል። ማዶ ካሉት መካከል ጥላ የዘረጉ፣ ነጭ የጠመጠሙ ሰው አየሁ። ቄስ ተፈራ ናቸው። ትርንጎ ሐኪም ቤት ሄደች ሲሏቸው ሊጠይቋት መምጣታቸው ነው።

ጮኽሁ። ውኃው ድምፄን በላው። እንደገና ጮኽሁ፤ እሳቸው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አጠገቤ ከእኛው አገር ከዝቋላ ፍየል ነድቶ የመጣ አንድ ነጋዴ ነበር፤ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ከበሮ። ከዚያች ቀን በፊት አይቼው አላውቅም።

«አያ፣ አንተ ተወው፤ ለእኔ ንገረኝና እኔ ልበልልህ» አለኝ።

እንግዲህ የሚስቴን ሕመም፣ የንስሐ ጥያቄዋን፣ ለማላውቀው ፍየል ነጋዴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልነግር ነው። ነገርሁት። ኮሮና የምትለዋን ቃል ስናገር አጠገባችን የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አለ። አንዷማ ጌሾዋን ጥላ ሸሸች። ነጋዴው ብቻ ቀረ። እሱም ቢሆን አፉን በኩታው ሸፈነና፣ «እኔን አትጠጋኝ፣ ድምፄን ግን ውሰድ» አለና አንድ ድንጋይ ላይ ወጣ።

አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ለቀቀው። የትርንጎ ሳንባ መንጣቱን፣ ሳሏን መዋጧን፣ ሐኪሟ ደም መፈለጓን፣ ወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። ቄስ ተፈራ ጥላቸውን ለሌላ ሰው ሰጡና ውኃው እግራቸውን እስኪነካ ወረዱ።  አጎንብሰው ቆዩ። እኔ ወዲህ ማዶ ሆኜ በትሬን ጭቃው ውስጥ እየወጋሁ እነቅላለሁ፣ እወጋለሁ። ከዚያ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ጮኹ። ነጋዴው ሰምቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ይወሰድ፣ ፈቅጃለሁ ነው የሚሉት። የወጣው ግን መሬት ላይ እንዳይደፋ፣ ቆሻሻ ላይ እንዳይጣል፤ በእሳት ይቃጠል ነው የሚሉት። ለሳሉም ፈቅጃለሁ፤ በንጹሕ ጨርቅ ትቀበለው፣ ጨርቁም ይቃጠል። እግዚአብሔር ይፍታሽ በላት ይሉሃል።»

ለዚያ ነጋዴ ምስጋና እንኳ በቅጡ አልሰጠሁትም። ስዞር ከኋላዬ፣ «አያ፣ ሚስትህ ስትድን ለእኔም እንዲህ ባለ ድምፅ ንገረኝ» ብሎ ጮኸብኝ፤ የሸሹትም ሳቁ። እስከ ዛሬ ስሙን አላውቀውም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሆስፒታሉ ደረስሁ። ክፍሉ ውስጥ አላስገባ አሉኝ፤ በመስኮት አየኋት። ኦክስጅኑ አፍንጫዋ ላይ እንዳለ ደረቷ እንደ ወናፍ ይነሣል ይወድቃል፤ አፏ ግን አሁንም ተከድኗል። በመስኮቱ በኩል፣ «ትርንጎ! ቄስ ተፈራ ትሳል ብለዋል! ደሙም ይወሰድ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለዋል!» አልኋት።

አየችኝ። እውነቴን መሆኑን ለማጣራት ይመስለኛል፣ ረዥም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሳለች። ቀኑን ሙሉ የያዘችውን ሳል ሁሉ ለቀቀችው፤ አልጋው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ምሕረትም ያን ሁለመና የሚሸፍን የሐኪሞቹን ልብስ አልብሰዋት እዚያ ጨርቅ ይዛላታለች። እኔ መቆም አልቻልሁም፤ ግቢውን እዞረው ጀመር።

ሐኪሟ ወጣች። የቄሱን ቃል ነገርኋት፤ ደሙም ጥጡም መቃጠል አለበት፣ ካልሆነ አይሆንም አልሁ። ዓይኗ ሲስቅ አየሁ። «አባባ፣ እኛስ መቼ እንጥለዋለን? ከዚህ ክፍል የወጣ ነገር ሁሉ ይቃጠላል» አለች። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አልሁ። ድንቄም ሽማግሌ ሳትለኝ አልቀረችም፤ ግን የጽዳት ሠራተኛዋን ጠርታ፣ እኚህን ሰው ማቃጠያው ጋ ራቅ አድርገሽ አቁሚያቸው አለቻት።

ደሟን ወሰዱ። ጥጡና መርፌው መጀመሪያ ወደ እሳት ገባ፤ ቆሜ አየሁ። ብልቃጡ ከላቦራቶሪ እስኪወጣ ግን ገና ነው። እኔም ከላቦራቶሪው በር አልሄድ አልሁ። ባለሙያው በበሩ ብቅ ብሎ፣ አባባ፣ ደሙን ሰርቄ የት እሄዳለሁ አለኝ። ሥራህን ሥራ፣ እኔ እንደሆንሁ አልጠፋም አልሁት። ከከተማው በኩል ልጆች ለሻደይ ሲለማመዱ የከበሮ ድምፅ ይመጣል። በሩ ሲንቀሳቀስ እነሣለሁ፤ ሌላ ሰው ነው፣ እቀመጣለሁ።

ውጤቱን ሐኪሟ ራሷ ነገረችኝ። በሽታው ከከባዱ ነው። ደሟ መርጋት ጀምሯል፣ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ቃጠሎ ብዙ ነው። ኩላሊቷ ግን ደህና ነው፤ መርፌውን ይችላል። መንገድ ላይ ኦክስጅን ቢያልቅባት የባሰ ስለሆነ እዚሁ ትቆይ፣ አሁኑኑ መርፌው ይጀመር አለች። ትድናለች ወይ አልኋት። አላውቅም አለች። ነገ ቢሆንስ ኖሮ አልኋት። እሱንም አላውቅም፤ ዛሬ በመሆኑ ግን ደስ ብሎኛል አለች። ውሸት ስላልነገረችኝ ያን ቀን አከበርኋት። ብልቃጡ ሲቃጠልም ቆሜ አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ላሳጥርላችሁ። ትርንጎ እዚያ ክፍል እንዳለች ጾሙ ተፈታ፣ ሻደይም አለፈ። እኔንም እዚያው ግቢ ለይተው አስቀመጡኝ፤ መለስተኛ ትኩሳት ነበረኝ። በየቀኑ ወደ መስኮቷ እሄዳለሁ፤ አንድ ቀን ታየኛለች፣ አንድ ቀን ዓይኗን አትገልጥም። እንደገና ደም ወሰዱ፣ እንደገና ፎቶ አነሡ። ሐኪሟ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ይዛ፣ ይኸው ነጩ መቀነስ ጀምሯል ስትለኝ ነው እህል በጉሮሮዬ የወረደው።

አንባቢዎቼ፣ እንግዲህ ምን ተማርህ ትሉኛላችሁ። እኔ መማር አይሆንልኝም፤ ግትር ነኝ። አንድ ነገር ግን ተውሁ። ሐኪም ትርንጎን ሲጠይቃት እኔ አልመልስም። ሳል የላትም ብዬ በሙሉ አፌ የመሰከርሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁም አልመሰለኝ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የተናገርሁት። ዓይን ግን ሳንባ ውስጥ አይገባም። መልኳ ደህና፣ አፏ ዝም፣ መሣሪያው ተምታታ፤ እውነቱን የነገሩን ያ ፎቶና ያች ብልቃጥ ደም ናቸው። እናንተም የሰው ሕመም ሲጠየቅ ቀድማችሁ አትመልሱ። ባለቤቱ ይናገር፤ ባለቤቱ ከደበቀ ደሙ ይናገር።

ቁርባኑን ተዉ ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ እንዲህ የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። ቄስ ተፈራ ከዚያ ወዲህ የታመመ ሰው ልቁረብ ብሎ ሲመጣ፣ ሐኪም ቤት ሄደሃል ወይ፣ ደም ሰጥተሃል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ካልሄደ ሂድና ተመልሰህ ና ይላሉ። አንዳንዱ በዚህ እኔን ይረግመኛል፤ የፈንታ ሕግ ነው ይላል። ይበል። ትርንጎ ራሷ አትስማማኝም። ያን ቀን ሳሉን መያዜ ትክክል ነበር፣ እንደገና ቢመጣ እንደገና እይዘዋለሁ ትለኛለች። በዚህ ተጣልተን እራት ያልበላንበት ቀን አለ።

ሳንባዋ እንደ ድሮው አልሆነም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው ዳገት ላይ ትደክማለች። በእኛ አገር ባል ከፊት፣ ሚስት ከኋላ ነው የሚኬደው፤ አባቴም እንዲያ ነበር፣ እኔም እንዲያ ኖርሁ። አሁን እሷን አስቀድሜ እኔ ከኋላ እሄዳለሁ፤ ትንፋሽዋን የምሰማው ከኋላ ሆኜ ነው። ሰው ያየናል፣ ይስቃል። ባለፈው እሑድ እሷም አፈረችና መሐል ዳገት ላይ ዞረች።

«አንቱ፣ ምን እንደ ጥጃ ይከተሉኛል?»

«ስትቆሚ ልቆም ብዬ» አልኋት።

ቆመች። እኔም ቆምሁ። ትንፋሽዋ ሲመለስ ዳገቱን ጀመረች፤ እኔም ከኋላዋ ተከተልሁ።